ወረቀቱ ደርቆ ቀለሙ ያልደረቀበት ክረምት

ማተሚያ ቤት የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ መቆም ነበር። ከመሸንቲ በጠዋት ሚኒባስ መጥቼ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ካለ የቆርቆሮ አዳራሽ ገባሁ። ዋናው አታሚ ጋሽ ታደለ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እጅህን አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው።

«ደህና እጅ ነው። አሁን ኪስህ ውስጥ ክተተው። ዛሬ ታያለህ እንጂ አትነካም።»

እስከ ምሳ ሰዓት ታዘዝሁ። ከሰዓት በኋላ ግን የአንድ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት እየታተመ በማሽኑ ጫፍ ሲቆለል አንዱን አንሥቼ ላየው ፈለግሁ። ወረቀት በጠርዙ እንደሚያዝ አላወቅሁም። አውራ ጣቴ ሰማያዊው ቀለም ላይ አረፈ፤ የጣቴ መስመሮች አንድ ሳይቀሩ ቁልጭ ብለው ወጡ። ጋሽ ታደለ አልተቆጡም። ወረቀቱን ተቀብለውኝ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፉትና ከሥሩ በእርሳስ «የመሸንቲ ማኅተም» ብለው ጻፉበት። ስሜን እስኪጠይቁኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። እስከዚያ «አንተ መሸንቲ» ነበርሁ፤ ከጠየቁኝም በኋላ ያው ነው።

ያን ቀን ልንወጣ ስንል እጃቸውን በቤንዚን እየታጠቡ እንዲህ አሉኝ፦ «ሰው የታተመ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ማተም ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ማድረቅ ነው። ማተሙን ማሽኑ ይሠራልሃል። ማድረቁን ግን ቆመህ ካልጠበቅከው ማንም አይሠራልህም።»

ማሽናችን ባለ አንድ ቀለም ኦፍሴት ነው። ወረቀቱ በአንድ በኩል ይገባል፤ በሌላው በኩል ታትሞ ይወጣና ይቆለላል። ማድረቂያው የተገጠመው በመውጫው ላይ ነው። ወረቀቱን የሚያሞቁ ቀያይ መብራቶች አሉት፤ ንጹሕ አየር የሚነፋ ማራገቢያ አለው፤ የሞቀውንና የረጠበውን አየር ስቦ በቱቦ ወደ ውጭ የሚጥል መምጠጫም አለው። ቀለሙ ሳይጠና ከተቆለለ ከላዩ በሚያርፈው ወረቀት ጀርባ ላይ ይታተማል። ያን ጊዜ ሁለቱም ወረቀት ተበላሸ ማለት ነው። ይህን ለመከላከል በየወረቀቱ መካከል እንደ ጉም የሚበተን ነጭ የስታርች ዱቄት አለ።

ጋሽ ታደለ ማድረቂያውን የሚቆጣጠሩት በእጃቸው ጀርባ ነበር። ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ቁልሉን ዳበስ ያደርጉና «ጨምር» ወይም «ተወው» ይላሉ። «ቀንስ» ሲሉ አልሰማሁም። ሙያውን የተማሩት ድሬዳዋ ነው። «ድሬ ላይ ወረቀቱ ከማሽኑ ሳይወርድ ይደርቅ ነበር» ይላሉ። «እዚህ ሐይቁ ክፍላችን ውስጥ ነው ያለው። እርጥበት ደግሞ የሚፈራው እሳት ብቻ ነው።»

እኔ በእጅ ጀርባ ማመን አቃተኝ። እጄ ጠዋት የቀዘቀዘ፣ ከሰዓት የሞቀ ነው፤ በምን ይለካል? የማድረቂያው መመሪያ መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ነበር፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ሽፋኑ በክብ በክብ ታትሟል። በጀርመንኛ ነው የተጻፈው። ክረምቱን ሙሉ በስልኬ ቃል በቃል እየተረጎምሁ ደብተር ላይ ገለበጥሁት። ስልኩ አንዳንዴ ያሳብዳል። አንድ ቦታ ላይ መምጠጫውን «የሚጠባ ሕፃን» ብሎ ተርጉሞልኝ «ሕፃኑ በየሳምንቱ ይጽዳ» የሚል ትእዛዝ ጽፌ ተቀመጥሁ። ለጋሽ ታደለ ባነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ መምጠጫው በቤታችን «ሕፃኑ» ሆነ።

ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ባለ ዘንግ ቴርሞሜትርም ገዛሁ። ዘንጉን በቁልሉ መካከል አስገብቼ ዲግሪውን እጽፋለሁ፤ ከጎኑ የዕለቱን አየር፣ የመብራቱን መጠን፣ ቀለሙ ስንት ሰዓት ላይ ጣት እንደማይነካ እጽፋለሁ። ጋሽ ታደለ ይህን ሲያዩ «አንተ መሸንቲ፣ ለወረቀት የሕክምና ካርድ ከፈትክለት?» ይሉኛል። ግን ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ እጃቸውን ቁልሉ ላይ አሳርፈው «ስንት ይላል?» ማለት ጀመሩ። እኔ «ሠላሳ አራት» ስል «እኔም ሠላሳ አራት ነው ያልኩት» ይላሉ።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ ጥር ላይ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ መጡ። ቤታቸው ከማተሚያ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ቤተሰቡ ነጋዴ ነው፤ እሳቸው በበጋ ዛላ በርበሬ እያሰጡ ይሸጣሉ። የማድረቂያው ቱቦ የሚወጣው በእሳቸው ግቢ በኩል ነው።

«ልጄ፣ ይኼ ቱቦ ምንድን ነው የሚተነፍሰው?» አሉኝ።

«የቀለምና የወረቀት አየር ነው፣ እትዬ።»

«እኔ የማሰጣው በርበሬ ነው፤ ጋዜጣ አይደለም። ትናንት አንዲት ደንበኛዬ ዛላውን አሽታ ‹እትዬ ዘይነባ፣ ይኼ የዛሬው ነው የትናንቱ?› አለችኝ።»

ልስቅ አልሁና ፊታቸውን አይቼ ተውሁት። እውነታቸውን ነበር። በዚያው ቀን ያገለገለ ፕሌት ወሰድሁ። ፕሌት ፊደሉ ተቀርጾበት ማሽኑ ላይ የሚታሰር ስስ አልሙኒየም ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በየማተሚያ ቤቱ የማያገለግልበት ነገር የለም፣ ለጣሪያ ቀዳዳም ይሆናል፣ ለመስኮትም። በመቀስ ቆርጬ፣ እንደ ኮፍያ አጥፌ፣ አየሩ በርበሬው ላይ ከመንፋት ይልቅ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጌ በቱቦው አፍ ላይ አሰርሁት። እትዬ ዘይነባ መረቁኝ። እፍኝ ሙሉ ዛላም ሰጡኝ፤ የጠቀለሉልኝ በጋዜጣ ነው። «መሽተቱ ካልቀረ በገዛ ጋዜጣው ይሽተት» አሉ።

ኮፍያው አፉ ጠባብ ነበር። ያን ጊዜ አልታየኝም። ለጋሽ ታደለም አልነገርኋቸውም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ነሐሴ ላይ መሪጌታ ጥበቡ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ጽሑፍ በብብታቸው ይዘው መጡ። እሳቸው የዜማ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። ለዓመታት በጀልባ ከደሴት ደሴት፣ አንዳንዴም እስከ ጎርጎራ እየተሻገሩ፣ ከየብራናው የገለበጧቸውን የእመቤታችንን ምስጋናዎች በአንድ መጽሐፍ ሰብስበዋል። ተማሪዎቻቸው በወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ለሚቆሙት ማኅሌት ነው የሚፈልጉት።

«አሁን በምን ያዜማሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በደብተር። ለስድስት አንድ ደብተር ነው። አንዱ ገጽ ሲገልጥ አምስቱ ገና አልጨረሱም፤ ከዚያ በዜማው መካከል ክርን መገፋፋት ነው።»

ዓይን የማይወጋ ክሬም ወረቀት ራሳቸው ከአዲስ አበባ አስመጥተዋል። ትርፉ ለሙከራ የሚበቃ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ባሕር ዳር ውስጥ አይገኝም፤ እንደገና ቢታዘዝም ከጽጌ በፊት አይደርስም። ይህን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

የኔታ ስለ ቀዩ ቀለም ደጋግመው ጠየቁ። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የሚጻፈው በቀይ ነው። በእኛ ማሽን ደግሞ አንዱ ገጽ መጀመሪያ በጥቁር ያልፋል፤ ስሙ ያለበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ኋላ ወረቀቱ እንደገና ገብቶ ቀዩ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይታተማል።

«ከቦታዋ ዝንፍ ብትልስ?» አሉ የኔታ።

«አትልም» አሉ ጋሽ ታደለ።

የሙከራውን ወረቀት ሲያዩ በአራቱ ማዕዘን የታተሙትን ትንንሽ መስቀሎች አገኙ። «ይህስ የማን ሐሳብ ነው? ደግ ሐሳብ ነው» አሉ። መስቀሎቹ ሁለቱ ቀለሞች መግጠማቸውን የምናይባቸው ምልክቶች እንደሆኑ፣ መጽሐፉ ሲጠረዝ ተቆርጠው እንደሚወድቁ ነገርናቸው።

«ትቆርጡታላችሁ? መስቀሉን?»

«ሥራውን ጨርሶ ነው የሚሄደው፣ የኔታ» አሉ ጋሽ ታደለ።

የኔታ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ እንደ ሰማዕት ነው» ብለው ሳቁ።

የመጀመሪያውን ጥቁር ማተም የጀመርነው ዝናቡ ለሦስተኛ ቀን ባላቋረጠበት ጠዋት ነበር። ገና በሙከራዎቹ ላይ ቀለሙ ጀርባ ማቆሸሽ ጀመረ። ጋሽ ታደለ ማሽኑን አላቆሙም።

«መብራቱን ጨምር።»

ጨመርሁ። «የቁልሉ ውስጥ ሠላሳ ዘጠኝ ገባ፣ ጋሽ ታደለ።»

«ይግባ። ዱቄቱንም ጨምር።»

«የማድረቂያው መመሪያ ከሠላሳ አምስት በላይ ቀለሙ ይለሰልሳል ይላል።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰው ባሕር ዳርን በነሐሴ አይቷታል?»

ሰውየው አላያትም፤ ያ እውነት ነው። ቁልሉ አርባ ሦስት ዲግሪ እስኪደርስ አተምን። በብዙ ዱቄት ጀርባ ማቆሸሹ ቀረ። በማግስቱ ግን ጥቁሩ ላይ ጣቴን ባሳርፍ አሁንም ይነካል። በሦስተኛው ቀንም ያው ነው። ጽጌ ስለማይጠብቀን ቀዩን አስገባን።

የመጀመሪያው ቀይ የወጣበትን ወረቀት አሁንም አልረሳውም። በግራ ጠርዝ ያለችው «ማርያም» በቦታዋ ተቀምጣለች። መካከል ላይ ያለችው ጎረቤቷን ፊደል ነክታለች። በቀኝ ጠርዝ ያለችው ግን «ም»ዋ ከሚቀጥለው ጥቁር ፊደል ላይ ወጥታ ሁለቱም አይነበቡም። ጋሽ ታደለ ፕሌቱን በትንሹ ወደ ቀኝ ሳቡ፤ ቀኙ ገጠመ፣ ግራው ሄደ። መልሰው ሳቡ፤ ግራው ገጠመ፣ ቀኙ ሄደ። አርባ ያህል ወረቀት እንዲህ ከጠፋ በኋላ ማሽኑን አጠፉት። አዳራሹ ጸጥ ሲል በጣሪያው ላይ ዝናቡ ተሰማ።

የኔታ በዚያው ሰዓት ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ማን ምን እንደሚላቸው ሳናውቅ ወረቀቱን ራሳቸው አነሡት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ።

«ፊደል ላይ ቆማለች» አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ታደለ አንገታቸውን ደፉ።

«ወረቀቱ ጠፋ ማለት ነው?»

ጋሽ ታደለ ወረቀቱን ተቀብለው ከተበላሹት ላይ አኖሩት።

«እንግዲህ ዘንድሮም በደብተር ነዋ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ጥግ ላይ ካለው በርጩማ ሄደው ተቀመጡ።

የብረት ማስመሪያዬን አወጣሁ። ፕሌቱ ላይ ከግራው መስቀል እስከ ቀኙ ለካሁ። ጥቁር በታተመበት ወረቀትም ላይ እንዲሁ ለካሁ። ወረቀቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ በሚበልጥ አጥሯል። ሌላ አነሣሁ፤ እሱም አጥሯል። ሦስተኛውም እንዲሁ።

«ቀዩ አይደለም የሳተው» አልሁ። «ወረቀቱ ነው የተሰበሰበው። ጥቁሩ ሲታተም ሙሉ ነበር። መብራቱ የራሱን ውሃ ወስዶበት አጠረ።»

ጋሽ ታደለ ማስመሪያውን ተቀብለውኝ ራሳቸው ለኩ። ከዚያ ቀና ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እስከዛሬ ከሰማኋቸው የሙያ ጥያቄዎች የሚበልጥብኝ የለም።

«ወረቀቱ እስኪያጥር ከደረቀ፣ ቀለሙ ለምን አልደረቀም?»

ማድረቂያውን ብቻውን አስነሣሁ። ከስስ ወረቀት ጣት የምታህል ቁራጭ ቀድጄ በመምጠጫው አፍ ሥር ያዝኋት። መሳብ ነበረበት። ቁራጯ ዝም ብላ ተንጠለጠለች። ሞተሩ ይሽከረከራል፤ አየር ግን አይሄድም።

«ሕፃኑ አይጠባም» አልሁ።

በእትዬ ዘይነባ በር ዞሬ በዝናቡ ወደ ግድግዳው ሄድሁ። ቱቦው ጫፍ ላይ የአልሙኒየም ኮፍያ አለ። የድሮ ሥራ ፊደል ይታይበታል። እጄን ከሥሩ አስገባሁ። ጠባቡ አፍ በነጭ ነገር ተደፍኗል፤ የተለሰነ የቤት ግድግዳ ይመስላል። የምንበትነው ዱቄት በአየሩ ተስቦ እየወጣ እዚያ አርፏል፤ የክረምቱ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ገንፎ ቦክቶ ደርቋል። ቀለሙ አልደርቅ ሲል ዱቄት ጨመርን፤ ዱቄት ስንጨምር አፉ ይበልጥ ተዘጋ፤ ሲዘጋ መብራቱን ጨመርን። የሞቀው እርጥብ አየር መውጫ አጥቶ ቁልሉ ላይ ተመልሶ ይተኛል፤ ቀለሙ በሙቀት እየላላ ይቆያል። ኮፍያውን ያሰርሁበት ሽቦ ላይ የራሴ አስተሳሰር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ ጫፉን ወደ ውስጥ የማጠፍ ልማድ አለኝ።

እዚያ ጥቂት ቆምሁ። ኮፍያውን ፈትቼ ጥዬ «መምጠጫው ተዘግቶ ነበር፣ አጸዳሁት» ብል ማንም አያውቅም ነበር። ያን አሰብሁ፤ አሰብሁ ብዬ ለመጻፍ አላፍርም። ከዚያ ኮፍያውን ፈትቼ እንዳለ ይዤው ገባሁ፣ ጠረጴዛው ላይም አስቀመጥሁት።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ቱቦው ላይ የነበረ ነው። መውጫውን የዘጋው ይህ ነው።»

«ማነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ጥር ላይ። እትዬ ዘይነባ በርበሬያቸው ቀለም ቀለም ሸተተባቸው።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትነግረኝ?»

«ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።»

ኮፍያውን አገላብጠው አዩት። ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ከዚያ ይልቅ ግን የኔታ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሁሉን እየሰሙ መሆናቸው ነበር የከበደኝ።

«ሥራው ንጹሕ ነው» አሉ ጋሽ ታደለ በመጨረሻ። «ማዕዘኑን እየው! ክፉ ነገር እንዲህ በጥንቃቄ ተሠርቶ አላየሁም።» ኮፍያውን አስቀመጡት። «እኔስ? ሰባት ወር ሙሉ እሳት ስጨምር አንድ ቀን ወጥቼ ቱቦውን አላየሁም። አንተ ዘጋህ፣ እኔ አቃጠልኩ። ከየኔታ ፊት እኩል ነን።»

ወደ የኔታ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸው በይቅርታው ላይ አልቆዩም።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። አሁን ወረቀቱ ይድናል አይድንም?»

«ሊድን ይችላል» አልሁ። «ወረቀት ውሃ ሲወሰድበት ይሰበሰባል፤ ሲመለስለት ይዘረጋል። እንዲህ ተቆልሎ ግን አየር አያገኘውም። አንድ በአንድ ተዘርግቶ ቢሰቀል ከክፍሉ አየር መልሶ ይጠጣል። እንደ መጀመሪያው ከሆነ ቀዩ ይገጥማል።»

«ካልሆነስ?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ካልሆነ የለም።»

የኔታ ከበርጩማው ተነሡ። «ጣና ውሃ ለመመለስ ሰስቶ አያውቅም» አሉ። «ገመዱ የት ነው?»

በአዳራሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ወጠርን። የልብስ መቆንጠጫ ከየሱቁ ለቀምን፤ አልበቃ ሲል እትዬ ዘይነባ የራሳቸውን አመጡ። ለእሳቸውም የሆነውን ነገርኋቸው። «አሁንማ በክረምት ምን በርበሬ አለኝ፤ ክፈተው። ለበጋው ግን ሌላ መላ ፈልጉ» አሉ። ፈለግንም፤ ዛሬ ቱቦው በቆርቆሮ ሠሪ ተቀጥሎ ከጣሪያው በላይ ወጥቷል፣ አፉም ሰፊ ነው።

ወረቀቱ ሦስት ቀን ተሰቅሎ ዋለ፣ አደረ። ቦታው ስላልበቃን በየተራ ነው የሰቀልነው። የኔታ በየቀኑ መጥተው በተሰቀለው መካከል እያለፉ ያነባሉ። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሄዱ ዜማው ይመጣባቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዜማሉ፤ የእመቤታችን ስም ከሚገባበት ባዶ ቦታ ሲደርሱ በቃላቸው ሞልተው ያልፋሉ። ጋሽ ታደለ መሣሪያ የሚያስቀምጡ መስለው ያደምጣሉ። ማስመሪያዬን ይዤ ጠዋትና ከሰዓት ከየመስመሩ አንዳንድ ወረቀት እለካለሁ። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማስመሪያው ላይ ያለውን ልዩነት በማጉያ መነጽር እንጂ በዓይን ማየት አቃተኝ።

በዚሁ መካከል ቱቦው ስለተከፈተ የሌሎቹን ገጾች ጥቁር አተምን። መብራቱን ግማሽ ላይ አደረግሁ፤ ማራገቢያውንና መምጠጫውን ሙሉ ከፈትሁ፤ ቁልሉ ገና ከጉልበት ሳይደርስ እናወርደው ነበር። ዱቄቱን ቀነስሁ። ዘንጉ ሠላሳ ሁለት አለ። በማግስቱ ጥቁሩ ላይ ጣቴን አሳርፌ ነጭ ጣት አነሣሁ። ጋሽ ታደለ እጃቸውን ቁልሉ ላይ አኖሩና ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀዝቃዛ ነው» አሉ፤ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ቀዩን እንደገና ያስገባንበት ቀን የኔታ ቀድመውን በር ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ታደለ የመጀመሪያውን ወረቀት አሳለፉ። ግራው ገጠመ፤ ቀኙ የፀጉር ያህል ቀረው። ፕሌቱን በቁልፍ ትንሽ ነካ አደረጉ። ሁለተኛው ወጣ። ማጉያ መነጽሩን በግራው መስቀል ላይ አኖርሁ፤ ቀዩ በጥቁሩ ላይ ተኝቷል፣ አንድ መስቀል ሆነዋል። በቀኙ ላይ አኖርሁ። እዚያም አንድ መስቀል ነው።

መነጽሩን ለጋሽ ታደለ ሰጠሁ። እሳቸውም አይተው ወረቀቱን ለየኔታ ሰጡ።

የኔታ ጣታቸውን ሳያስነኩ መስመር ለመስመር ተከተሉ። በግራ ጠርዝ ያለችውን አዩ፤ መካከል ያለችውን አዩ፤ በቀኝ ጠርዝ ያለችው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። «ም»ዋ በቦታዋ ነበረች። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ሊሳለሙት ከንፈራቸውን አስጠጉ።

«አይሳለሙት!» ብለን ሁለታችንም ጮኽን። ጋሽ ታደለ እጃቸውን ያዙ።

«ምነው?» አሉ ደንግጠው።

«ገና እርጥብ ነው፣ የኔታ። ከንፈርዎ ይቀላል።»

የኔታ ሳቃቸው መጣ። «ቀይ ከንፈር ይዤ ቤተ ክርስቲያን ብገባ ምን ሊሉኝ ነው! ታዲያ መቼ ልሳለም?»

ጋሽ ታደለ ወደ እኔ አመለከቱ። «ማድረቂያው የሱ ነው። እሱን ይጠይቁት።»

እንዲህ ብለው አያውቁም ነበር። ደብተሬን ገለጥሁ፤ በመብራት ግማሽ፣ በአየር ሙሉ፣ በሠላሳ ሁለት ዲግሪ ቀለሙ ስንት ሰዓት እንደፈጀ አየሁ። ቀይ ከጥቁር ትንሽ እንደሚዘገይም አሰብሁ።

«ነገ ጠዋት» አልሁ። «ከቅዳሴ መልስ ይምጡ።»

በማግስቱ መጡ። ከቁልሉ ላይኛውን ልሰጣቸው እችል ነበር፤ ላይኛው ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። እኔ ግን ዘግይቶ የሚደርቀውን፣ ከመካከል ያለውን ሳብሁላቸው። የኔታ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ስሟ ላይ ከንፈራቸውን አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ከንፈራቸውን ጠረጉና ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን ዘርግተው ተመለከቱት። ለእኔም አሳዩኝ። ነጭ ነበር።

«ደርቋል» አሉ።

መጽሐፉ ለጽጌ ደረሰ።

አሁን በማድረቂያው ላይ አዲስ ሠራተኛ ሲመደብ የምነግረው ይህን ነው። ሙቀት እርጥበቱን ከወረቀቱ ያስነሣል እንጂ ከክፍሉ አያስወጣም፤ የሚያስወጣው አየር ነው። ቀለም አልደርቅ ካለ ሙቀት ከመጨመር በፊት የአየሩን መንገድ ከመግቢያው እስከ መውጫው በእግር ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ማሽን ላይ አንድ ነገር የገጠመ ሰው ደግሞ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ለአብሮ ሠራተኛው ይንገር።